ስለ ሕያው አንናገርም

ከሐይቅ ከተማ የወጣን ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም፤ ያለቀሰው ወንድሜ ይመር ነው። ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ አስፋልት ዳር ቆሞ «ትንኝ ገባብኝ» እያለ ዓይኑን ያሻል። በዚያ ንፋስ የምን ትንኝ ነው? እማዬ እንዳላየች አለፈችው። የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ ጠቅልላ ጉያዬ ውስጥ አስቀመጠችልኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «አንቺ ታላቅ ነሽ። ላኩልኝ አልልም፣ ናፈቃችሁኝም ብዬ አልነዘንዝም። እሁድ እሁድ የእሱን ድምፅ አሰሚኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ» አለችኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርን፣ ሐይቁ እንኳ በጨለማው ውስጥ ሳይታየን ቀረ።

እናንተ እዚያው ሐይቅ ያላችሁ፣ እናንተም ከደሴና ከወረባቦ መጥታችሁ ገርጂና ጎሮ የተበተናችሁ የአገሬ ልጆች፣ ስደት ሲባል ባሕር ማቋረጥ ብቻ ይመስላችኋል። እኔ የተሻገርኩት የጣርማ በርን ተራራ ነው። ግን በየኬላው ውረዱ ተብያለሁ፣ ከየት፣ ወዴት፣ ማን ጋ፣ ለምን ተብያለሁ፣ ቦርሳዬ ተገልብጦ የውስጥ ልብሴ አስፋልት ላይ ተሰጥቷል። አንዱ ፈታሽ የእኔንና የይመርን መታወቂያ ጎን ለጎን ይዞ፣ ወንድምሽ ከሆነ የአባታችሁ ስም ለምን ተለያየ ብሎ ያዘኝ። እኔ ፋንታዬ መኮንን ነኝ፣ እሱ ይመር ደምሴ። አባቴ ከሞተ በኋላ እማዬ የይመርን አባት አገባች፤ እሱም ቆይቶ ሞተ። እናታችን አንድ ናት አልኩት። ፈታሹም እናት መታወቂያ ላይ የለችም ብሎ ሳቀ፣ እኛም ላለመቅረት አብረን ሳቅን።

አዲስ አበባ ላምበረት ወርደን ሁለት ቀን ዘመድ ቤት ከተጣበብን በኋላ ገርጂ እትዬ ጽጌ ግቢ አንዲት ክፍል አገኘን። እትዬ ጽጌ የሽሬ ሰው ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢውን ከፋፍለው የሚያከራዩ። ቤቱን ከማሳየታቸው በፊት በሩ ላይ አቁመው መረመሩን። ትዳር አለሽ ወይ፣ ይሄ እውነት ወንድምሽ ነው ወይስ እንዲህ እንደ አሁኑ ዘመን ወንድም ነው፣ የምን ሃይማኖት፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ፣ እንግዳ ይበዛባችኋል ወይ። በመጨረሻ፣

«ውሃ ትጠቀማላችሁ?» አሉኝ።

«አንጠቀምም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ቁልፉንም ሰጡን። ከዚያ ወዲያ ጓለይ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው።

የገርጂን ነገር ልንገራችሁ። ዝናብ ሲሆን ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ሲያባራ ደግሞ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፤ የሐይቅን ዓይነት ፊት የሚያብስ ንፋስ የለም። ዓሣ በቦሌ ሆቴሎች አለ፣ ግን በረዶ ውስጥ ሰንብቶ የወጣ ነው፤ ከጎኑ ሎሚ ስለተቀመጠለት የሞተበትን ቀን የረሳ ይመስላል። ሰዉም እንደዚያው ነው። እኛ አገር መንገድ ላይ የማያውቅሽ ሰው እንኳ አስቁሞ የማን ልጅ ነሽ ይልሻል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ይታወቃል። እዚህ ግን ግድግዳ የሚጋራኝን ጎረቤት ስም ለማወቅ ክረምቱ ማለፍ ነበረበት። መጀመሪያ በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ ቆይቶ ትንሽ ደስ አለኝ። ማንም ስለ እኔ ምንም አለማወቁ እረፍትም አለው።

ይመር ጎሮ አካባቢ ግንባታ ላይ ልስን ጀመረ። እኔ አትላስ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል አፅጂ ሆንኩ። ስለ ዳታ ሕግ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ አሠልጣኝ አመጣልን። ሰውዬው ስላይዱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሩም ግማሹ። አዲስ አዋጅ ወጥቷል፣ የሰው ስም፣ ስልክ፣ ሕመም፣ ሃይማኖት፣ ይሄ ሁሉ ፐርሰናል ዳታ፣ የግል መረጃ ነው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያወጣ ወዮለት አለን። ወጥ ቤት የምትሠራዋ ጓደኛችን እጇን አወጣችና፣ እንቁላል የማይስማማውን እንግዳ ስም ለአስተናጋጁ ብነግር እከሰሳለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። «ኢት ዲፔንድስ» አላት፤ እንደ ሁኔታው ነው ማለቱ ነው። ስንወጣ አንዱ ቅጣቱ ገንዘብ ነው ይላል፣ ሌላው እስራት ነው ይላል፣ ዘበኛው ደግሞ ድርጅቱ ይዘጋል ብሎ ይምላል። የገባን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝም ያለ አይከሰስም።

ሕጉን ግን እኔ አልጠላሁትም፣ እውነቴን ነው። የሞባይል ካርድ የምገዛበት ሱቅ ያለ አንድ ሰውዬ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው ሳላውቅ ስንት ወር እየደወለ ነዝንዞኛል። እንዲህ ያለውን የሚያስቆም ከሆነ ይባረክ ብያለሁ።

ከዚያ ይመር ወደቀ። የእንጨት መወጣጫው ከዳው። አብሮት የሚሠራ ልጅ ከሰዓት በኋላ እየሮጠ አትላስ ድረስ መጣና ጭንቅላቱን ተመቷል፣ ስልኩም አብሮት ወድቆ ደቅቋል፣ ሰዎች በመኪና ቀለበት መንገዱ ዳር ወዳለ የግል ሆስፒታል ወስደውታል አለኝ። ሲወስዱት ነፍሱ ነበረች አለኝ። «ነበረች» የሚለው ቃል እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

የሆስፒታሉ መቀበያ መስኮት ላይ አንዲት ጥፍሯን ያሳመረች ልጅ ተቀምጣለች። ይመር ደምሴ ይባላል፣ ዛሬ ነው የገባው አልኳት። መግባቱን ማረጋገጥም መካድም አልችልም አለችኝ፣ እንደተጠና ነገር። እህቱ ነኝ አልኩና መታወቂያዬን ሰጠኋት።

«የአባት ስም አይገናኝም።»

«በእናት ነው የምንገናኘው።»

«እናትነትን የሚያሳይ ነገር ይዘሻል?»

«እናቴ ሐይቅ ናት።»

ልጅቷ ትንሽ ግራ ገብቷት አየችኝ። አዲስ አዋጅ ነው፣ የታካሚ መረጃ ለማይመለከተው ሰው ከሰጠን እኛ ነን የምንጠየቀው አለችኝ። እሺ፣ አልጋውንም ክፍሉንም አትንገሪኝ፣ በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። ዓይኗን ወደ ኪቦርዷ ሰበረች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች፦ ተነሥታ ወጣች፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ የላስቲክ ብርጭቆ ውሃም ሰጠችኝ። እስቲ በእግዚአብሔር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመስኮት ሰው የሚያስተናግድ ሠራተኛ ተነሥቶ ወንበርና ውሃ ሲሰጥ ያየ ሰው አለ? ሳልጠጣው ውሃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

በነጋታው ያልረገጥኩት ደጅ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ክስ አለሽ ወይ አሉኝ፤ የለኝም ስል ታዲያ እኛ ምን እናድርግሽ አሉኝ። ወረዳው ከተወለዳችሁበት ቀበሌ የዝምድና ማስረጃ አምጪ አለኝ። ቀበሌያችን ስደውል ደግሞ ወንድምሽ ራሱ ቀርቦ ይጠይቅ አሉኝ። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሕጋዊ ውክልና ካለሽ መረጃውን የመስጠት ግዴታ አለባቸው አሉኝ። ውክልናውን ከማን ላምጣ ስላቸው፣ «ከታካሚው» አሉ። በየኬላው ስማችንን ሲጠይቁን ሕግ አልነበረም፤ እኛ ስንጠይቅ ግን ሕግ ሞልቷል።

ማታ ለእትዬ ጽጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ውሃ ሰጠችሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አስቀመጠችሽ?»

«አዎ።»

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እሳቸው ይህን ነገር ያውቁታል። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተዘግቶ የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ከርመው፣ መስመሩ ሲከፈት ማንን ቢጠይቁ ቤተክርስቲያን ሄደዋል፣ ተኝተዋል፣ ጠበል ናቸው ይባሉ ነበር። ሰው ሁሉ እየተጠራራ ሲደብቃቸው ሰንብቶ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ግቢያቸውን ሞልተው ገቡ። ስለዚህ እጄን ይዘው፣ «ጓለይ፣ ደህና የሆነን ሰው ማን ይደብቃል?» አሉኝ። እኔም እኮ ያደግኩት እንዲሁ ባለ አገር ነው። እኛ ዘንድ ደህና ነገር ከመንገድ ማዶ እየተጮኸ ይነገራል፤ ዝም የሚባለው፣ ወንበርና ውሃ የሚቀርበው ለመርዶ ነው።

ለአጎቴ ለጋሼ አበጋዝ ደወልኩ። ይመር ሆስፒታል ነው፣ ወድቆ ነው፣ ስለ እሱ ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ጋሼ፣ «ገባኝ» አለ። ለእናትሽ እንዳትደውዪ፣ ብትደውልልሽም እንዳታነሺ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው አለኝ። ሞተ የሚል ቃል ከእኔም አልወጣ፣ ከእሱም አልወጣ፣ ከእትዬ ጽጌም አልወጣ። ሁላችንም ግን ሰማነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ካህናቱንና ጎረቤቱን ሰብስቦ የእናቴን በር አንኳኳ።

እኔ ሐይቅ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ቄሶቹ ስሙን እየጠሩ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ከሐይቁ ወዲያ ያለው ተራራ ሰምቶ የሚመልስ ይመስለኝ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምግብ እየያዙ ይገባሉ፣ ወንዶቹ ደጅ ላይ ስለ አስከሬኑ ይጠይቁኛል። አይሰጡም፣ አዲስ ሕግ ነው አልኳቸው። ስለ ሕጉ በሬዲዮ የሰማ አንድ ሰው፣ አዎ፣ አሁን ሁሉም ነገር ተከልክሏል ብሎ አስረዳልኝ። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ አልጮኸችም። ሲወድቅ ጠርቶኛል ወይ ብቻ ነው ያለችኝ። ያን ቀን መሞት ብችል ሞቼ ነበር፣ ሌላ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም።

አስከሬኑን ለማምጣት ከጋሼ አበጋዝ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አሁን የቤተክርስቲያን ደብዳቤ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሽማግሌ ፊርማ አለን። ከመስኮቱ አሳልፈው ወደ ሕግ ክፍሉ ኃላፊ አስገቡን። ክራባት ያሠረ፣ ገና ልጅ የሆነ፣ ትሑት ሰው ነው። ደብዳቤዎቹን አገላብጦ አነበበና ቀና አለ።

«አስከሬን? የማን አስከሬን?»

«የወንድሜ።»

«ማን ሞተ አላችሁ?»

ጋሼ እናንተ ናችኋ ዝም ያላችሁን አለው። ሰውዬው ደንግጦ መነፅሩን አወለቀ። «አባቴ፣ የሞተ ሰው ቢኖር እኛው ራሳችን ነበርን ቤተሰቡን በፖሊስ ጭምር አፈላልገን የምንጠራው። አስከሬን ይዘን ምን እናደርጋለን? ዝም የምንለው ስለ ሕያው ነው» አለ። ይህን ካለ በኋላ ያለውን ራሱ ሰማውና ፊቱ ተለወጠ። ስለ ተጠቀሰው ግለሰብ ምንም እንዳልተናገርኩ ይታሰብልኝ አለን።

ጋሼ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅሁ። ሕያው ከሆነ እንግዲያ ወስዳችሁ አሳዩኝ አልኩት። እሱን መናገር አልችልም አለኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ጮኽኩበት፣ የይመርን ስም እየጠራሁ ኮሪደሩን አመሰቃቀልኩት፣ ጥበቃዎች ደግፈው ደጅ አወጡኝ።

እውነቱን የነገረኝን ሰው ደጅ ላይ ነው ያገኘሁት። እግሩ በጀሶ የታሰረ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ለቀጠሮ መጥቶ በክራንች ቆሟል። ጩኸቴን ሰምቶ፣ ይመር ማለት ያ የወሎው ለሳኝ ልጅ ነው ወይ አለኝ። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር አለ። ራሱ ላይ ስድስት ቦታ ተሰፍቶ፣ እያነከሰ፣ እየቀለደ፣ በራሱ እግር ወጥቷል። መቼ ስለው ቀኑን ነገረኝ፤ ቄሶቹ ሐይቅ ላይ ስሙን ሲጠሩ የዋሉበት ቀን ነው። የግንባታው ልጆች በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስድ ደላላ አግኝተውለት ነበር። ነርሶቹን ለእህቴ አንዳች ነገር እንዳትነግሩ፣ ካወቀች ታስቀረኛለች ብሏቸዋል። ለእናቴ ግን ስደርስ ራሴ እደውላለሁ ይል ነበር አለኝ። ይህን ሲነግረኝ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ተጠግቶ፣ «ወንድም፣ ዳታ እያወራህ ነው» አለው።

ይመር ያለ ፈቃዱ ማንም ምንም እንዳይናገር ከፈለገ መብቱ ነው፣ አውቃለሁ። የመስኮቱም ልጅ የፈጸመችው ትእዛዝ ነው፣ ውሃውንም የሰጠችኝ አዝናልኝ ነው። ግን ለማን ልጩህ? ተመልሼ ጠበቃው ጋ ሄድኩ። አሰቡና ሆስፒታሉ ላይ ክስ አይቆምም አሉ። እንዲያውም ስለ ታካሚው ጤና የተሳሳተ መረጃ ያሰራጨሽው አንቺ ነሽ፣ ወንድምሽ ቢመለስ ሊከስሽ ይችላል አሉኝ፤ እሱም ቢሆን ሕጉ ገና አዲስ ስለሆነ ወዴት እንደሚተረጎም አይታወቅም አሉ።

«ይመለስና ይክሰሰኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ሞያሌ የሚሠሩ የአገር ልጆች አስጠየቅኩ፤ አላየነውም አሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ገርጂ ያለው አልጋው እንዳለ ነው፤ እትዬ ጽጌም ስለ እሱ አያነሡም፣ ግን ሾላ ገበያ በሄዱ ቁጥር የሚወደውን ቆሎ ገዝተው በሬ ላይ አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ። ለእናቴ ይነገራት አይነገራት በሚለው ከጋሼ ጋር ተጣላን። እሱ ያለፈ ሐዘን አይቀሰቀስም፣ የአርባ ቀን ተዝካሩን አውጥታለች፣ ልጁም ካልተገኘ ዳግመኛ ልትገድያት ነው ይለኛል። ባለፈው እሁድ ግን አልቻልኩም። በእትዬ ጽጌ ስልክ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፦ በእግሩ ወጥቷል፣ ሹፌሩ አይቶታል፣ ስደርስ እደውላለሁ ብሏል።

እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ የይመር አባት ሞቶም እኮ ተሽሎታል፣ ሾርባ ጠጣ ብለውኝ ነበር» አለችኝ። እማዬ፣ ይሄ ግን እውነት ነው አልኳት። ማልኩላት። በሐይቅ እስጢፋኖስ ማልኩላት።

«እውነት ከሆነ ድምፁን አሰሚኝ» አለች።

ቴሌግራሜ ውስጥ የእሱ ድምፅ አለ፤ ከመውደቁ ሦስት ቀን በፊት ከግንባታው ላይ የላከልኝ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል። በእትዬ ጽጌ ስልክ እናቴን ይዤ የራሴን ስልክ ከጎኑ አስጠግቼ ከፈትኩት። «ፋንቱ፣ ዛሬ ሳላመሽ አልቀርም፣ ራት እንዳትጠብቂኝ። እንጀራውን ደግሞ ሙልጭ አድርገሽ እንዳትበዪው፣ አውቅሻለሁ» ይላል።

ትንፋሿ ሲለወጥ ሰማሁት። ድገሚው አለችኝ፣ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ እንጀራው ጋ ሲደርስ ትንሽ ሳቀች፤ ከድንኳኑ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዛሬ ነው የላከው?» አለችኝ።

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት፣ ምላሴ ላይ ነበረች። ያቺ ልጅ ዓይኗን ወደ ኪቦርዷ እንደሰበረች እኔም ወለሉን እያየሁ ቆምኩ። የጥሪው ቆጣሪ ይሄዳል፣ መስመሩ ላይ የሐይቁ ንፋስ በሩን ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

«ገባኝ» አለች እናቴ።

ስልኩን ግን አልዘጋችውም።